ባንኮክ ላይ ቅንጡ ሆቴል ስትይዙ፦ ሰፈሩ ይቅደም፣ ስሙ ይደርሳል

ባንኮክ ላይ ጥሩ ሆቴል ማግኘት አይቸግርም። የሚቸግረው ጥሩዎቹ መብዛታቸው ነው። ለአንድ ሌሊት ከ6,000 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ) ጀምሮ እስከ 30,000 ባህትና ከዚያም በላይ የሚያስከፍሉ ቤቶች ተደርድረዋል፤ የሁሉም ሎቢ ያብረቀርቃል፣ የሁሉም ሠራተኛ እጁን ደረቱ ላይ ገጥሞ እጅ ይነሳል፣ የሁሉም መዋኛ ፎቶው ላይ ያስጎመጃል። በፎቶ ብቻ የተመረጠ ሆቴል ጉዱ የሚወጣው በማግስቱ ጠዋት፣ ከበሩ ወጥታችሁ ወደ ጉዳያችሁ ስታቀኑ ነው። እዚህ ከተማ 4 ኪሎ ሜትር በታክሲ 10 ደቂቃም ሊፈጅ ይችላል፣ 1 ሰዓትም። የትኛው እንደሚደርሳችሁ ሾፌሩም አያውቀው።

ስለዚህ የምመክረው ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ከሚሄድበት የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ሰፈርና ባቡር፣ ቀጥሎ የክፍሉ ዓይነትና አቅጣጫ፣ ከዚያ ተደምሮ የሚመጣው ዋጋ፣ የሆቴሉ ስም መጨረሻ። ኮከቡን ብዙም አትመኑት። ሆቴል መያዣ ድረ ገጾች ላይ የምታዩት ኮከብ ብዙ ጊዜ ሆቴሉ ራሱ ያስመዘገበው ነው፤ "አምስት ኮከብ" የሚለው ሥር የ3,500 ባህቱም የ35,000 ባህቱም ቤት ተሰልፎ ታገኙታላችሁ።

ባቡሩ የት ነው?

ቢቲኤስ የሚባለው የሰማይ ባቡር ሥራ የጀመረው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ሱኩምዊትና ሲሎም የሚባሉ ሁለት ዋና መስመሮች አሉት፤ ሁለቱ የሚገናኙት ሲያም ጣቢያ ላይ ነው። ከመሬት በታች ደግሞ በ2004 የተከፈተው ኤምአርቲ አለ፤ ከቢቲኤስ ጋር አሶክና ሳላ ዴንግ ላይ ይገጥማል። ቅንጡዎቹ ሆቴሎች አብዛኞቹ ወይ በእነዚህ መስመሮች ዳር ናቸው ወይ በቻኦ ፕራያ ወንዝ ዳር።

"ከባቡር ጣቢያ 5 ደቂቃ" የሚለውን ማስታወቂያ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ሶይ የሚባሉት ከዋናው መንገድ የሚገቡ ቅያሶች ብዙዎቹ ለእግረኛ የሚሆን ቦታ የላቸውም፤ ከሞተር ሳይክልና ከምግብ ጋሪ ጋር እየተጋፋችሁ ነው የምትሄዱት። ሱኩምዊትን የመሰለ ሰፊ መንገድ ደግሞ እንደልብ አይሻገሩትም፤ ድልድይ መፈለግ አለባችሁ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን 600 ሜትር በእግር ማለት ሸሚዝ መቀየር ማለት ነው። የኔ ልክ 400 ሜትር ነው፤ ከዚያ ከራቀ ሆቴሉ ከባቡር ጋር እንደሌለ ቁጠሩት። ካርታው ላይ ርቀቱን ብቻ ሳይሆን የጎዳናውን ምስል ከፍታችሁ የእግረኛ መንገድ መኖሩን እዩ።

ከጣቢያው ጋር በድልድይ የተያያዙት ግን ሌላ ዓለም ናቸው። ኦኩራ ፕሬስቲጅና ሮዝውድ ከፕሎን ቺት ጣቢያ፣ ግራንድ ሃያት ኤራዋን ከቺት ሎም፣ ሴንት ሪጂስ ከራቻዳምሪ፣ ሸራተን ግራንዴ ከአሶክ ጋር በድልድይ ይገናኛሉ። ፓርክ ሃያት ከሴንትራል ኤምባሲ የገበያ ሕንፃ ጋር የተጣመረ ስለሆነ በሕንፃው አልፋችሁ ባቡሩ ላይ ትወጣላችሁ። ዝናብ ቢወርድ፣ መንገዱ በውሃ ቢሞላ፣ ሰዓታችሁ አይዛነፍም። የዝናቡ ወራት በጥቅሉ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ናቸው፤ የሚብሰው በመስከረም አካባቢ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ከምሽቱ 11 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ዝናብ ከጣለ ታክሲ ማግኘት ራሱ ሥራ ይሆናል።

ላንግሱዋን አካባቢ ያሉት ሲንድሆርን ኬምፒንስኪና ኪምፕተን ማላይ በክፍላቸውም በአረንጓዴነታቸውም ቆንጆ ናቸው፤ ግን ከባቡሩ ወጣ ይላሉ። ሳቶን ላይ ያሉት ሱኮታይና ባንያን ትሪም እንደዚሁ ከጣቢያው የተወሰነ ጉዞ አለባቸው። እንዲህ ያሉትን ስትመርጡ ወደ ጣቢያ የሚያመላልስ መኪና ወይም ቱክቱክ እንዳላቸው፣ በስንት ደቂቃ ልዩነት እንደሚነሳና ማታ በስንት ሰዓት እንደሚያቆም ጠይቁ። "አገልግሎቱ አለን" የሚል መልስ አይበቃም፤ ሰዓቱ ካልተነገራችሁ እንደሌለ ነው።

ወንዝ ዳር

የከተማዋ ስመ ጥር ሆቴሎች ያሉት እዚህ ነው። ማንዳሪን ኦሪየንታል ዕድሜውን የሚቆጥረው ከ1876 ነው። ፔኒንሱላ በ1998፣ ካፔላና ፎር ሲዝንስ በ2020 ተከፈቱ። ካፔላ በ2024 የዓለም 50 ምርጥ ሆቴሎች በሚባለው ዝርዝር አንደኛ ወጥቷል፤ ዋጋውም ይህን ያውቃል።

ግን ወንዝ ዳር ማደር ማለት በጀልባ መኖር ማለት ነው። ከሳፋን ታክሲን ጣቢያ በመውጫ 2 ስትወርዱ የሳቶን ወደብ ከፊታችሁ ነው። የሆቴሎቹ ትንንሽ ጀልባዎች በየተራ ይጠጋሉ፤ የየሆቴሉ ስም የተጻፈበትን ፈልጋችሁ ትሰለፋላችሁ። መርከብ ባለፈ ቁጥር የምትቆሙበት ተንሳፋፊ መድረክ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጀልባዋ ውስጥ ለመግባት ደግሞ አንድ እርምጃ መዝለል አለ፤ ሠራተኛው ክንዳችሁን ይይዛል። ለጤነኛ ሰው ደስ የሚል ነገር ነው። ጉልበቱን ለተከዳ አረጋዊ፣ በዊልቸር ለሚሄድ ወይም ከቀዶ ጥገና ለወጣ ሰው ግን በቀን ሁለት ጊዜ የሚመጣ ፈተና ነው። ጀልባዎቹ ብዙውን ጊዜ በየ15 እና በየ30 ደቂቃው ይመላለሳሉ፤ ማታ ከ4 ወይም ከ5 ሰዓት በኋላ ይቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ ታክሲ ነው።

ሁሉም ወንዝ ዳር አንድ አይደለም። ሻንግሪላ ከሳፋን ታክሲን ጣቢያ ጎን ስለሆነ ያለ ጀልባም ይሆናል። ማንዳሪን ኦሪየንታል በዚያው በምሥራቁ ዳርቻ ነው፤ ካልሞቃችሁ በእግርም ይደረሳል። ፔኒንሱላ ማዶ፣ በቶንቡሪ በኩል ነው። አናንታራ ሪቨርሳይድ ወደ ታች ራቅ ያለ በመሆኑ ጀልባው ራሱ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ጠቅልሎ ለመዝናናት ለመጣ ቤተሰብ ሰፊ ግቢና መዋኛ አለው፣ በየቀኑ ወደ መሀል ከተማ ለሚመላለስ ግን አልመክረውም። ዱሲት አካባቢ ያለው ዘ ሲያም 39 ክፍል ብቻ ያለው ጸጥተኛ ቤት ነው፤ ወደ ቤተ መንግሥቱና ወደ አሮጌው ከተማ ይቀርባል፣ ከዘመናዊዎቹ ገበያዎች ይርቃል።

ሦስት ሌሊት ለዕረፍት ከሆነ ወንዙን ያዙ። ለሥራ፣ ለገበያ ወይም ለሕክምና ከሆነ ባቡሩን። ስድስት ሰባት ሌሊት ካላችሁ ደግሞ ሁለት ላይ ክፈሉት፦ ጉዳዩ እስኪያልቅ ባቡር ዳር፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች ወንዝ ዳር። መጀመሪያ ወንዙን ይዘው በኋላ ወደ መሀል የሚመጡ ሰዎች ይገርሙኛል፤ ውድ ክፍል ከፍለው ቀኑን ትራፊክ ውስጥ ያሳልፉታል።

ለሕክምናና ለንግድ የሚሄድ ሰው

ከአዲስ አበባ ባንኮክ የሚሄድ ሰው ትንሽ የማይባለው ለሕክምና ነው፤ ብዙውም ቡምሩንግራድን ያውቀዋል። ሆስፒታሉ ሱኩምዊት ሶይ 1 እና ሶይ 3 መካከል ነው፤ የሚቀርበው ጣቢያ ናና ነው። እዚያ ሰፈር ውስጥ የዓረብ ምግብ ቤቶች የሞሉበት መንገድ አለ፤ የሐበሻ ምግብም ይገኛል። ከቅንጡዎቹ ጄደብሊው ማሪዮት በሶይ 2 ማዶ ስላለ በጣም ይቀርባል። ፕሎን ቺት ያሉት ኦኩራና ሮዝውድ አንድ ጣቢያ ብቻ ይርቃሉ፤ በመካከል ግን የፈጣን መንገዱ መግቢያና መውጫ ስላለ ጠዋት በመኪና መሄድ ከርቀቱ በላይ ጊዜ ይወስዳል። መራመድ የሚችል ታካሚ በባቡር ይሂድ። መራመድ የማይችል ከሆነ ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስበት ሆቴል ይያዝ፤ ውድ ሆቴልና ሩቅ ሆስፒታል አብረው አይሄዱም።

ቀጠሮው ሌላ ሆስፒታል ከሆነ ሰፈሩም ይቀየራል። ሳሚቲቬጅ ሱኩምዊት በሶይ 49 ነው። ቢኤንኤች በሲሎም አጠገብ ኮንቬንት መንገድ ላይ ነው። ባንኮክ ሆስፒታል ደግሞ ከኒው ፔቻቡሪ መንገድ ገባ ብሎ ይገኛል፤ ጠዋትና ማታ የሚጨናነቅ መንገድ ነው። "ባንኮክ ሆስፒታል" የሚለውን ሰምቶ መሀል ከተማ ሆቴል መያዝ የተለመደ ስህተት ስለሆነ አድራሻውን ካርታ ላይ ሳታዩ አትክፈሉ።

ለታካሚ ክፍል ስትይዙ ሌላም አለ። ገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ሳይገቡ ቆመው የሚታጠቡበት መሆኑን ጠይቁ፤ ባንኮክ ውስጥ ከገንዳው ላይ የተሰቀለ መታጠቢያ ያላቸው የቆዩ ክፍሎች አሁንም አሉ። ሎቢያቸው ከፍ ያለ ፎቅ ላይ የሆነ ሆቴሎች ሁለት ሊፍት መቀየር ያስፈልጋቸዋል፤ ከታች ወደ ሎቢ፣ ከሎቢ ወደ ክፍል። በዊልቸር በቀን አራት ጊዜ ሲሆን ይሰለቻል። አስታማሚ አብሮ ካለ በመካከል በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች ከአንድ ስዊት ሊረክሱ ይችላሉ፤ ሁለቱንም ዋጋ አስሉ።

ፕራቱናም ለልብስ ንግድ የሚሄዱ ደግሞ ቺት ሎም ጣቢያ አጠገብ ካለው ከራቻፕራሶንግ አካባቢ ሆቴሎች ፕላቲነም የልብስ ገበያ ድረስ በእግረኛ ድልድይ መድረስ ይችላሉ። ከታች መንገዱ ቆሞ እያያችሁት በላይ ታልፋላችሁ።

ክፍሉ

ባንኮክ በክፍል ስፋት ለጋስ ከተማ ነች። በቅንጡዎቹ ዘንድ መነሻው ክፍል ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ካሬ ሜትር ነው። ከ36 በታች የሆነ "ዴሉክስ" ክፍል በ8,000 ባህት ከቀረበላችሁ ሌላ ፈልጉ።

የክፍል ስሞች ላይ ተጠንቀቁ። "የወንዝ እይታ" እና "ከፊል የወንዝ እይታ" በዋጋ ሊቀራረቡ ይችላሉ፤ ሁለተኛው ግን በረንዳ ጫፍ ላይ ቆሞ አንገት በማዞር የሚታይ ውሃ ሊሆን ይችላል። ይህን ዕጣ የማያስጥሉ ሕንፃዎች አሉ። ፔኒንሱላ በቅርጹ ምክንያት ክፍሎቹ ሁሉ ወደ ወንዙ ይመለከታሉ። በ2019 ተዘግቶ ከፈረሰ በኋላ በ2024 እንደ አዲስ ተሠርቶ የተከፈተው ዱሲት ታኒም ክፍሎቹ ሁሉ ወደ ሉምፒኒ ፓርክ እንዲዞሩ ሆኖ ነው የተሠራው። እንዲህ ባለ ቤት ርካሹን ክፍል መያዝ አያስፈራም፤ ሌላ ቦታ ግን ርካሹ ክፍል ጎረቤት ግድግዳ ላይ ሊያፈጥ ይችላል።

ወደ ምዕራብ የዞረ ክፍል ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ይመታዋል። መስታወቱ ወለል እስከ ጣሪያ ከሆነ ኤሲው ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ለመተኛት የሚመለስ ታካሚ ወይም ሕፃን ካለ ምሥራቅ ወይም ሰሜን ይሻላል። ወንዝ ዳር ዝቅ ያሉ ፎቆች ላይ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የእራት መርከቦች ሙዚቃ ከፍተው ይመላለሳሉ፤ ጠዋት የረጃጅሞቹ ጀልባዎች ሞተር ይተካል። ከ15ኛ ፎቅ በላይ ብትጠይቁ አብዛኛው ይቀራል። ባቡር ዳር ያሉትም ከሐዲዱ ጋር እኩል ከሆነ ፎቅ ራቁ፤ ባቡሩ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ይመላለሳል።

ግንባታ ሌላው የባንኮክ ጣጣ ነው። ጎረቤት ባዶ መሬት ያለው ሆቴል ዛሬ ጸጥ ያለ ቢሆን በሚቀጥለው ወር የምሰሶ መትከያ መሣሪያ ሊገባበት ይችላል። የእንግዶችን አስተያየት ስታነቡ አጠቃላይ ነጥቡን ተዉትና ያለፉትን ሦስት ወራት ብቻ ለዩ፤ እዚያ ውስጥ ግንባታ፣ ጫጫታ፣ እድሳት የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። መዋኛው ለእድሳት ተዘግቶ ክፍሉ በሙሉ ዋጋ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ለሆቴሉ በኢሜይል ጻፉ፤ በነዚህ ቀናት እድሳት ወይም ግንባታ አለ ወይ፣ መዋኛው ክፍት ነው ወይ፣ የያዝኩት ክፍል መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው፣ አልጋው አንድ ሰፊ ነው ወይስ ሁለት። መልሱን አስቀምጡት። ስትደርሱ ነገሩ ሌላ ከሆነ ሪሴፕሽን ላይ የምታሳዩት እሱን ነው። በስልክ የተነገረ ተስፋ ማስረጃ አይሆንም።

መዋኛውንም በፎቶ አትመኑት። ረጃጅም ሕንፃዎች መሀል ያለ መዋኛ ፀሐይ የሚያገኘው ለጥቂት ሰዓታት ነው። አንዳንዱ ሰው ጥላውን ይወደዋል፤ ለፀሐይ የመጣ ግን ይከፋዋል።

ተደምሮ ስንት ነው?

ዋጋው አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 7 በመቶ ቫት ይጨመራል ማለት ነው። ቫቱ የሚሰላው ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ ጭማሪው 17 ሳይሆን 17.7 በመቶ ይሆናል። 10,000 ባህት የተባለው ክፍል 11,770 ነው። ቁርስ 1,200 ከተባለ 1,412 ይመጣል፤ ሁለት ሰው አምስት ጠዋት ሲበላ ከ14,000 ባህት ያልፋል። ስለዚህ ሁለት ድረ ገጽ ስታወዳድሩ የመጨረሻውን የክፍያ ገጽ አወዳድሩ እንጂ የመጀመሪያውን ቁጥር አይደለም።

ቁርስ ያለበት ዋጋ ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም። ዐቢይ ጾም ላይ እስከ ቀኑ 6 ወይም 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው የሆቴሉ ቁርስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ያበቃል፤ የተከፈለው ገንዘብ ቀለጠ። ረመዳን ላይም እንዲሁ፤ ቁርሱን በሱሁር ሰዓት ወደ ክፍል ያመጡት እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልሆነ ያለ ቁርስ ያዙ።

የክለብ ላውንጅ ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ በሌሊት ከ2,000 እስከ 4,000 ባህት ይጨምራል። ቁርስ፣ የከሰዓት ሻይና የማታ መክሰስ ከመጠጥ ጋር ይሰጣል። ሁለት ሰው ሆናችሁ ቀን ሆቴሉ ውስጥ የምታሳልፉ ከሆነ ያዋጣል። ቀኑን ሙሉ ውጭ የምትውሉ፣ መጠጥም የማትቀምሱ ከሆነ ለማትበሉት እየከፈላችሁ ነው።

ወቅቱ ዋጋውን ያገለብጠዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ዋጋውም ያኔ ይወጣል። በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ዋዜማ አንዳንድ ሆቴሎች የበዓል እራትን ግዴታ አድርገው በየሰው ያስከፍላሉ፤ የማስያዣው ደንብ ውስጥ በትንሽ ፊደል ይጻፋል። ከግንቦት እስከ መስከረም ያው ክፍል በብዙ ይቀንሳል፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወርዶ ስለሚያባራ ለሆቴል ወዳድ እኔ የምመርጠው ይህን ወቅት ነው። ሶንግክራን፣ ማለትም ከኤፕሪል 13 እስከ 15፣ መንገድ ላይ ውሃ የሚረጫጩበት በዓል ነው፤ የሕክምና ወረቀት ይዛችሁ በእግር አትውጡ።

የማይመለስ ክፍያ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊረክስ ይችላል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ቪዛው እጁ ሳይገባ አይንካው፤ ቪዛ ቢዘገይ ሆቴሉ ገንዘቡን የመመለስ ግዴታ የለበትም። ለቪዛ ማመልከቻ እስከ ዋዜማው በነጻ የሚሰረዝ ያዙ፤ ቪዛው ሲወጣ ዋጋውን መልሳችሁ እዩ፣ ከረከሰ ሰርዛችሁ በአዲሱ ያዙ።

ውድ ቤቶችን በቀጥታ ከመያዛችሁ በፊት ቨርቹኦሶን በመሰለ መረብ ውስጥ ያለ የጉዞ ወኪል ጠይቁ። ዋጋው ሆቴሉ በራሱ ገጽ ከሚያወጣው ጋር እኩል ሆኖ ለሁለት ሰው ቁርስ፣ ብዙ ጊዜ 100 ዶላር ገደማ የሚሆን የሆቴል ውስጥ መጠቀሚያ፣ ክፍት ክፍል ካለም የተሻለ ክፍል ይጨመራል። ሁለት ሌሊት ብቻ ለሚያድር ሰው 100 ዶላር ትልቅ ቅናሽ ነው።

ካርድ፣ ስም፣ ሰዓት

ስትገቡ ሆቴሉ መያዣ ይጠይቃል፤ በየሌሊቱ ከ1,000 እስከ 3,000 ባህት የተለመደ ነው፣ የሚበልጥም አለ። በክሬዲት ካርድ ከሆነ ገንዘቡ ታግዶ ይቆያል እንጂ አይቆረጥም። በዴቢት ወይም ዶላር ተሞልቶ በሚሰጥ ካርድ ከሆነ ግን ከሒሳባችሁ ይወጣል፤ ሆቴሉ ቢለቀውም ባንኩ እስኪመልሰው ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ለሆስፒታል ያሰባችሁትን ካርድ ለሆቴል መያዣ አትስጡ። መያዣውን በጥሬ ባህት መስጠት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ደረሰኙን ከፓስፖርቱ ጋር አኑሩ። ማሽኑ "በዶላር ልክፈል ወይስ በባህት?" ብሎ ሲያስመርጣችሁ ባህት በሉ። በዶላር ካላችሁ ምንዛሪውን የሚወስነው ማሽኑ ነው፣ ሁልጊዜም ይወደዳል።

ስሙ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። ሪሴፕሽኖች የሚፈልጉት በመጨረሻው ስም ነው፤ የእኛ ሰው አንዱ ቦታ የአባቱን፣ ሌላው ቦታ የአያቱን ስም ሞልቶ "ቦታ አልተያዘልዎትም" ይባላል። የማረጋገጫ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ያዙ። ክፍሉ ውስጥ የሚያድር ሁሉ መመዝገብ አለበት፤ ሆቴሎች የውጭ ዜጋ እንግዳን ለኢሚግሬሽን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ቢያመሽ መታወቂያ መጠየቁ ንቀት አይደለም።

መግቢያ ብዙ ቦታ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት፣ መውጫ 6 ሰዓት ነው። የመመለሻ በረራችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ ቲኬቱ ላይ ያለውን ቀን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ቲኬቱ 15 ቀን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ካለ አየር ማረፊያ የምትሄዱት 14 ማታ ነው። ሆቴሉን እስከ 15 ጠዋት መያዝ ትርፍ ሌሊት መክፈል ነው፤ እስከ 14 ቀትር መያዝ ደግሞ ከሰዓቱን ሻንጣ ይዞ መንከራተት። መሀከለኛው መንገድ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት መቆየት ነው፤ ብዙ ሆቴሎች የአንድ ሌሊት ግማሽ ዋጋ ያስከፍላሉ። ይህንን ለታካሚ አትሰስቱ። ሌላው ሻንጣውን አስቀምጦ መዋኛው ጋ ባለው መታጠቢያ ታጥቦ መውጣት ይችላል፤ አብዛኞቹ ይፈቅዳሉ።

ከሱቫርናቡሚ አየር ማረፊያ መሀል ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሆቴል መኪና ከ2,000 እስከ 3,500 ባህት ያስከፍላል፤ የሜትር ታክሲ 50 ባህት የአየር ማረፊያ ክፍያና የፈጣን መንገዱ ተጨምሮ ከ500 ብዙም አያልፍም። ከቢቲኤስ ጋር እስከሚገናኝበት ፋያ ታይ ጣቢያ ድረስ የሚሄደው ባቡር ቢበዛ 45 ባህት ነው፤ አንድ የእጅ ሻንጣ ላለው ሰው ከሁሉም ይፈጥናል።

ምግብ ላይ አንድ ነገር

ሆቴሉ "አትክልት ብቻ ነው" ቢላችሁም በታይ ወጥ ቤት አትክልት ማለት የዓሣ ሶስ፣ የኦይስተር ሶስ ወይም የሽሪምፕ ድልህ የሌለበት ማለት አይደለም። ለጾመኛ የሚሆነው "ጄ" የሚባለው ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። "ማንግሳዊራት" ካሏችሁ እንቁላልና ወተት ሊኖር ይችላል። ክፍሉን ስትይዙ ማስታወሻው ላይ ጻፉት፤ ቁርስ ላይም አስተናጋጁን ሳይሆን ሼፉን ጠይቁ። ሐላል ለሚፈልግ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሐላል የሆነው አል ሜሮዝ አለ፤ ራምካምሄንግ በኩል ስለሆነ ከመሀል ይርቃል።

ሻንጣው ከመከፈቱ በፊት

ቁልፉን ተቀብላችሁ ስትገቡ አልጋው ላይ አትውደቁ። ቴሌቪዥኑንና ኤሲውን አጥፉና ሁለት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ከጎረቤት ክፍል ጋር የሚያገናኝ በር ካለ አጠገቡ ሂዱ፤ የሰው ንግግር ቃል በቃል ከተሰማ ሌሊቱን ሙሉ ይሰማል። ኤሲውን መልሳችሁ በ24 ዲግሪ አብሩት፤ በመጀመሪያው ንፋስ የሻገተ ጨርቅ ዓይነት ሽታ ከመጣ ሻጋታ ነው፤ በዝናብ ወራት የተለመደ ነው፣ ሽቶ ቢረጩበት አይጠፋም። መታጠቢያ ቤቱ የፍሳሽ ሽታ ካለው ወለሉ ላይ ያለውን የውሃ መውረጃ እዩ፤ ክፍሉ ለቀናት ሰው ካልገባበት ከሥሩ ሽታውን የሚያግደው ውሃ ይደርቃል። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አፍስሱበትና ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ከጠፋ ችግር የለም፤ ካልጠፋ ቱቦው ነው፣ ክፍል ይቀየር።

መቀየር ከፈለጋችሁ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ አልጋና ፎጣ ሳይነካ ጠይቁ። "ክፍሉ አልተመቸኝም" ካላችሁ ይቅርታ ይሏችኋል፤ "በመካከል ያለው በር ድምፅ ያስገባል፣ መገናኛ በር የሌለው፣ ከሊፍት የራቀ ክፍል ስጡኝ" ካላችሁ ቁልፍ ይሰጧችኋል።

ክፍል ውስጥ ማጨስ ብዙ ሺህ ባህት ያስቀጣል። የኤሌክትሪክ ሲጋራ በአገሪቱ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ከዱባይ ገዝታችሁ እንዳታልፉ። ዱሪያን የሚባለውን ፍሬ ወደ ሆቴል ማስገባትም በአብዛኛው ክልክል ነው፤ ሽታው ምንጣፍ ውስጥ ይቀራል። የሀገር ቤት ባለሁለት ክብ እግር ሶኬት እዚያ ይገባል፤ ከባሕረ ሰላጤው ሀገሮች የመጣው ባለሦስት ጠፍጣፋ ግን መቀየሪያ ይፈልጋል።

ስትወጡ ሒሳቡን ከዋዜማው ማታ አስወጥታችሁ እዩት፤ ጠዋት ወረፋ ላይ ማንም አያነብም። ያልነካችሁት ሚኒባር፣ ቀድሞ የተከፈለ ቁርስ እንደገና መመዝገብ ብዙ ጊዜ የሚገኙ ስህተቶች ናቸው። የመያዣው እገዳ መለቀቁን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። ሰርቪስ ቻርጁ ሒሳቡ ውስጥ ስላለ ጉርሻ ግዴታ የለም፤ ሻንጣ ለሚሸከም ከ50 እስከ 100 ባህት፣ ክፍል ለሚያጸዳውም በየቀኑ ያንኑ ያህል ትራሱ ላይ መተው በቂ ነው። በየቀኑ የምላችሁ፣ የሚያጸዱት ሰዎች ስለሚቀያየሩ ነው።